ሰባት ቤት መቁጠርና ፕሮግራሚንግ

እንጅባራ ያለው የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ነው። የአይሲቲ ደብተሩን ሳገላብጥ የማውስና የኪቦርድ ሥዕል፣ ከሥሩም የሚሸመደድ ትርጓሜ አየሁ። ኮምፒውተር ነክቶ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝ። አራተኛ ክፍል የሆነችው ታናሽ እህቱ ግን አጠገባችን ቁጭ ብላ ለአያቷ የአባቷን ዘር እስከ ሰባት ቤት ትቆጥርላት ነበር። ለፕሮግራሚንግ የቀረበችው እሷ ናት።

ማጋነኔ አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ውስጥ የተፈጠረው ፕሮሎግ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩን «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያንን አድርግ» አትለውም፤ የሚታወቀውንና ደንቡን ትነግረውና ትጠይቀዋለህ። «ልጅህ ዘርህ ነው፤ የዘርህም ልጅ ዘርህ ነው» ብትለው፣ ይህች ደንብ ራሷን እየጠራች ሰባት ቤት ትወርዳለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚደናገርበትን ይህን ነገር የሰባት ቤት አገው ልጅ ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ለንደን ውስጥ እነ ሮበርት ኮዋልስኪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፕሮሎግን ለሕፃናት ማስተማር ሲጀምሩ ብዙው ሰው ኮምፒውተር ቤቱ አልነበረውም።

ዳንግላ የምታስተምር ወዳጄ ይህን ብነግራት በካርቶን ቁርጥራጭ ሞከረችው። አንዱ ካርድ ላይ «አለሙ የበላይ አባት ነው»፣ ሌላው ላይ «የአባት አባት አያት ነው»። አንድ ተማሪ ኮምፒውተሩን ሆኖ ይመልሳል፤ ካርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከተጠየቀ «አይደለም» ይላል። ፕሮሎግም እንደዚያው ነው፣ ማረጋገጥ ያልቻለውን ሐሰት ብሎ ያልፋል። «ጫኔ አባት አለው?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ካርድ ስላልነበረ «የለውም» ተባለ። ይኼኔ አንዲት ልጅ «የለውም ነው ወይስ አልተጻፈም?» አለች።

ይህን ጥያቄ ስንት የተማረ ሰው ይጠይቃል? ፌስቡክ ላይ የምንባላው እኮ እዚህ ላይ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አልቃወምም፤ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ዳንግላ ገጠር ያለ የአሥር ዓመት ልጅ እስኪደርሰው ምን ይሥራ? በዞኑ ሕፃናት በአገውኛ ይማራሉ፤ ካርዱም በአገውኛ ሊጻፍ ይችላል። እርግጥ ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ካርድ ማጫወት ቀላል አይደለም፤ ወዳጄም ድምፄ ተዘጋ ብላኛለች። ቢሆንም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አላት። ለአራተኛ ክፍል የሚሆን አንድ ቀጭን የካርድ መማሪያ ማዘጋጀት ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም።