ኢቫን ስለሚባለው የሩስያ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ተብሎ የተነገረው የአባቶች ቃል በአገራችን ሁሉ የታወቀ ነው። ልጅ የተወለደለት ሰውም በዚህ ቃል ተማምኖ ለልጁ መልካም ፍች ያለውን ስም ሲፈልግ ይታያል። ነገር ግን አንዱን ስም ብዙ ሰዎች ሲጠሩበት፥ ከእነርሱም አንዱ ደግ ሌላው ጨካኝ ሆኖ ሲገኝ፥ የስም ኃይሉ በፍችው ነው ወይስ በሌላ ነገር ብሎ መመርመር የሚገባ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከሩስያ ስሞች ይልቅ በዓለም የታወቀውን «ኢቫን» የተባለውን የወንድ ስም መርጠን፥ ከየት እንደ መጣ፥ ፍችውም ምን እንደ ሆነ፥ በሕዝቡ ዘንድ እንዴት እንደ ከበረና እንዴት እንደ ተናቀ ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንገልጻለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኢቫን ማለት ዮሐንስ ማለት ነው። ሥሩ ዕብራይስጥ ሲሆን «ዮሐናን» ይባላል፤ ፍችውም «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» ማለት ነው። ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ተሻግሮ «ዮአኒስ» ተባለ። የኪየቭ መስፍን ቭላዲሚር በ988 ዓመተ ምሕረት ከሕዝቡ ጋር ጥምቀትን በተቀበለ ጊዜ፥ ሃይማኖቱ ከቁስጥንጥንያ የመጣ ስለ ሆነ የቅዱሳኑም ስም አብሮ ገባ። ካህናቱ በመጽሐፍ «ዮአን» ብለው ሲጽፉት፥ ሕዝቡ ለአፉ እንዲቀልለው «ኢቫን» አደረገው። ዛሬም ኢቫን የሚባል ሰው ለመቍረብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲቀርብ ካህኑ የሚጠራው ዮአን ብሎ ነው። የጀርመኑ ዮሐን፥ የፈረንሳዩ ዣን፥ የኢጣልያኑ ጆቫኒ፥ የእንግሊዙም ጆን ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ስሙ እንዲህ የበዛበት ምክንያት ይህ ነው። በጥንት የሩስያ ልማድ ሕፃን የሚሰየመው ወላጆቹ እንደ ወደዱት ሳይሆን፥ በተወለደበት ወይም በተጠመቀበት ቀን አቅራቢያ በሚታሰበው ቅዱስ ስም ነበር። ከመጥምቁና ከወንጌላዊው ከአፈ ወርቁም ጀምሮ ዮሐንስ የተባሉት ቅዱሳን እጅግ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ዓመቱን ሙሉ በዓላቸው እየተመላለሰ ይውላል። ስለዚህ በገበሬው ሕዝብ ዘንድ ኢቫን ለብዙ መቶ ዓመት ከወንድ ስሞች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። የመጥምቁም የልደት በዓል «ኢቫን ኩፓላ» ተብሎ በሐምሌ ወር መጀመሪያ ይከበራል፤ ጐበዛዝት በሌሊት እሳት አንድደው በላዩ ይዘላሉ፥ ልጃገረዶችም የአበባ ጕንጕን በወንዝ ላይ ይለቃሉ። እኛ የዓመቱን መጀመሪያ «ቅዱስ ዮሐንስ» ብለን፥ በዋዜማው ችቦ አብርተን በማለዳው አበባ ይዘን እንደምንቀበለው ያለ ነው።

ይህንም ስም ነገሥታት ተሸክመውታል። ኢቫን 3ኛ ከ1462 እስከ 1505 ሞስኮን ሲገዛ በዙሪያው ያሉትን አገሮች ሰበሰበ፤ በ1480ም ሩስያ ለታታሮች መገበርዋ ቀረ። የልጅ ልጁ ኢቫን 4ኛ በ1547 ዘውድ ሲጭን በሩስያ ታሪክ ቄሣር ተብሎ የተቀባ የመጀመሪያው ሆነ። በስምም በቍጥርም ከእኛው ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የተካከለ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሰጠው ቅጽል «ግሮዝኒ» ሲሆን ትርጓሜው የሚያስፈራ፥ የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነው። በ1581 በቍጣ ተነሣሥቶ አልጋ ወራሹን፥ እርሱም ኢቫን የሚባለውን ልጁን፥ በበትር መትቶ እንደ ገደለው በታሪክ ተጽፏል። ሌላው ልጁ ፌዮዶር ያለ ወራሽ በ1598 ሲሞት የዚያ ቤት ንግሥና ተቋረጠ፥ አገሪቱም ለብዙ ዓመት ታወከች። እነሆ፥ «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» የተባለ አባት «እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ» የተባለውን ልጁን በእጁ አጠፋ። እንግዲህ የስም ፍች ብቻውን ሰውን ከክፋት እንደማይጠብቅ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልግም።

የኢቫን 6ኛ ነገር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ሕፃን ገና የ2 ወር ልጅ ሳለ በ1740 ነገሠ፤ በ1741 የታላቁ ጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ዙፋኑን ወሰደችበት። ሕፃኑን ማሰር ብቻ አልበቃም፤ ስሙ የተቀረጸበት ገንዘብ እንዲሰበሰብ፥ ስሙ የተጻፈበትም ደብዳቤ ከሰው ዓይን እንዲጠፋ ታዘዘ። በግዞትና በእስር አድጎ በመጨረሻ በሽሊሰልቡርግ ምሽግ ሲቀመጥ በወረቀት ላይ ስም የለሽ እስረኛ ይባል ነበር። በ1764 አንድ መኰንን ሊያስፈታው በተነሣ ጊዜ ጠባቂዎቹ አስቀድሞ በተሰጣቸው ትእዛዝ ገደሉት። ዕድሜውም 23 ነበር። ስምን ከሰው ላይ መግፈፍ ከመግደል የሚቀድም ሞት መሆኑን ያዘዙት ሰዎች በሚገባ ያውቁት ኖሯል።

ስሙን ወድዶ የሚጥልም አለ። በዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙንና የአባቱን ስም ነው። በሩስያም ሰው በአክብሮት የሚጠራው ስሙ ከአባቱ ስም ጋር ተያይዞ ስለ ሆነ፥ የኢቫን ልጅ ወንዱ ኢቫኖቪች ሴቷ ኢቫኖቭና ትባላለች። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ከሳይቤርያ ግዞት ያመለጡ ሰዎች እንደ ገና ሲያዙ፥ የቀድሞው ፍርዳቸው እንዳይገለጥ «ስሜ ኢቫን ነው፥ ዘመዶቼን አላስታውስም» ይሉ ነበር። ጸሓፊውም ዘመዱን የማያስታውስ ኢቫን ብሎ ይመዘግባቸዋል። ይህ አጠራር ከመዝገብ ወጥቶ እስከ ዛሬ ድረስ የወገኑን ታሪክ ለረሳ ሰው መስደቢያ ሆኖ ቀርቷል። ስሙ ከመብዛቱ የተነሣ ስም እንደሌለው መሸሸጊያ ሆነ።

በሕዝቡ ተረት ግን ኢቫን ሌላ መልክ አለው። ከሦስት ወንድማማቾች ታናሹ፥ ሁሉም ሞኝ የሚሉት ኢቫን ነው፤ ነገር ግን ቅንና ሩኅሩኅ ስለ ሆነ በመጨረሻ የንጉሥን ልጅ የሚያገባው እርሱ ነው። በቤትም ውስጥ እናት ልጅዋን ስታቈላምጠው «ቫንያ» ትለዋለች፤ ጌታ ሎሌውን በንቀት ሲጠራው ደግሞ «ቫንካ» ይለዋል። ደራሲው አንቶን ቼሆቭ በ1886 ያሳተመው አጭር ታሪክ ርእሱ «ቫንካ» ይባላል። በሞስኮ ለጫማ ሰፊ ያደረ የ9 ዓመት ልጅ በልደት ዋዜማ መጥቶ እንዲወስደው ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ነገር ግን የመንደሩን ስም በፖስታው ላይ ሳይጽፍ ይልከዋል። አያቱ ግን ያ ደብዳቤ ሊደርሰው የማይችል፥ ልጁን በስሙ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር።

ከ1941 እስከ 1945 በተደረገው ጦርነት የጀርመን ወታደሮች በፊታቸው የተሰለፈውን ሁሉ፥ ጆርጅያዊም ይሁን ታታር፥ «ኢቫን» ብለው ይጠሩት ነበር። ከጦርነቱም በኋላ በ1962 አሌክሳንድር ሶልዠኒትሲን በእስረኞች ሰፈር ስለሚውል ሰው የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ባለታሪኩ በልብሱ ላይ ቍጥር የተጻፈበት እስረኛ ነው፤ ደራሲው ግን በመጽሐፉ ርእስ ላይ ከነአባቱ ስም «ኢቫን ዴኒሶቪች» ብሎ ጠራው። መንግሥት የነሣውን ክብር ጸሓፊው በሁለት ቃል መለሰለት።

ከዚህ ስም ጋር እኛን የሚያገናኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ኢቫን ሃኒባል ነው። አባቱ አብራም በሕፃንነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ታላቁ ጴጥሮስ ክርስትና ያነሣው ነው። የትውልድ አገሩን አንዳንዶች ከመረብ አጠገብ፥ ሌሎች በቻድ ሐይቅ በኩል ያለ ሎጎን ይሉታል። ልጁ ኢቫን በ1770 የናቫሪኖን ምሽግ ከቱርኮች የያዘ፥ ከ1778 ጀምሮም የኬርሶንን ከተማ ያሠራ ጄኔራል ሆነ። የባለቅኔው የፑሽኪን እናት የወንድሙ ልጅ ናት። በባርነት የመጣ ሰው ለልጁ ከሩስያ ስሞች ሁሉ ተራ የሆነውን ሰጠው፥ ልጁም አከበረው።

በሶቪየት መንግሥት ዘመን፥ በተለይም በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ የከተማ ሰዎች ኢቫንን የባላገር ስም ነው ብለው ስለ ናቁት የሚሰየሙበት ሕፃናት አነሱ። ወደ መቶው ዓመት መጨረሻ ግን ወላጆች የአያቶቻቸውን ስም መፈለግ ስለ ጀመሩ ተመለሰ፤ አሁን በ21ኛው መቶ ዓመት በብዛት ከሚሰጡት የወንድ ስሞች መካከል ይቈጠራል። ከእርሱ የወጣው ኢቫኖቭ የሚባለውም የቤተሰብ ስም ከሁሉ የበዙት ከሚባሉት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ስም በፍችው ብቻ እንደማይከብር ነው። ያው ስም ለአንዱ ዘውድ፥ ለአንዱ መሸሸጊያ፥ ለአንዱ ስድብ ሆኗል፤ የለየውም በማን አፍና በምን ልብ መጠራቱ ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ለልጃችሁ ስም ባወጣችሁ ቀን ከነአባቱና ከነአያቱ እስከ ሰባት ቤት ቈጥራችሁ፥ ስሙም ስለ ምን እንደ ተሰጠው ጨምራችሁ፥ በቤት ዳዊታችሁ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉለት። ሎሌውንም የድኻውንም ልጅ ስትጠሩ በሙሉ ስሙ ጥሩት። እናቱ ያንን ስም ስታወጣለት እናንተ ለልጃችሁ እንደምትመኙት ያለ መልካም ነገር ተመኝታለታለችና።