የዲሬክተሩ ዲግሪ ለማን ነው?



ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና፣ ብዙ ጊዜ በልቤ ሳሰላስለው የቆየሁትን አንድ ሐሳብ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ደፈርሁ። ሐሳቤ የሚመለከተው የትምህርት ቤት ዲሬክተሮችና የወረዳ ትምህርት ኃላፊዎች የሚማሩትን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ነው። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በዲሬክተሮች ዲግሪ ምን አገባት የሚል ሰው ቢኖር፣ ዲሬክተሩ ጥሩ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠቀመው፣ ደካማም ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው ተማሪው ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

ወደ አሶሳ ከመምጣቴ በፊት የተማርሁት ከከተማው ራቅ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ሦስት ዲሬክተሮች ተፈራረቁብን። ከእነርሱ መካከል አንደኛውን እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ከክፍሉ ኋላ ከእኛ ጋር ተቀምጠው አስተማሪው ሲያስተምር ያዳምጣሉ፤ ትምህርቱ ካለቀ በኋላም አስተማሪውን ለብቻው ጠርተው ያወያዩታል። አንዲት ልጅ ሦስት ቀን ከቀረች ቤቷ ድረስ ሄደው እናቷን ያነጋግራሉ። የእኔንም እናት ያነጋገሩልኝ እንዲሁ ነበር፤ ዛሬ ደብተር ይዤ መገኘቴ የእርሳቸው ውለታ ነው።

እኒህ ሰው በየክረምቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሱ የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ቡና አፍልቶ፣ ማንጎ አቅርቦ ደስታውን ገለጸላቸው። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ዲግሪያቸው ለከተማ ቢሮ ሥራ አበቃቸውና ጥለውን ሄዱ። ያቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ተዘጋ፤ የቀሩትን ልጆች ቤት ለቤት የሚፈልግም ጠፋ። በተከታዩ ዓመት ከክፍሌ ሴቶች ልጆች አምስቱ ትምህርታቸውን አቋረጡ። እርሳቸውን አልወቅስም፤ ደመወዛቸው ጥቂት ነበር፣ የሚኖሩበትም ቤት ዝናብ ያፈስ ነበር። ሆኖም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ያ ዲግሪ ለማን ነበር?

አባቴ ይህን ስነግረው፣ «ዲሬክተር ማለት ቁልፍ ያዥና ደወል አስደዋይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ምን ዲግሪ ያስፈልገዋል?» ይለኛል። እንዲህ የሚያስቡ ወላጆች ብዙ ናቸው። እኔ ግን በክልላችን በጉባ የተሠራውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ አስባለሁ። ግድቡ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ መሐንዲስ ምን ያደርጋል ያለ ሰው አልነበረም። ውሃን ለመገደብ የተማረ ሰው ካስፈለገ፣ የብዙ መቶ ልጆችን ዕድሜ የሚመራ ሰው ሳይማር ይሁን ማለት ተገቢ ነውን?

ውጤታችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። በ2014ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። አንድ ተማሪ ቢወድቅ ሰነፍ ነው እንላለን፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲወድቅ ግን አመራሩን መመርመር ይገባል። የኒው ዚላንዷ ተመራማሪ ቪቪያን ሮቢንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ዲሬክተር ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ለተማሪዎች ውጤት ይበልጥ የሚጠቅመው የአስተማሪዎቹን መማርና መሻሻል ማበረታታት፣ ራሱም አብሮ መማር መሆኑን አሳይተዋል። ያ የገጠር ዲሬክተራችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

አገራችንም ጉዳዩን ችላ አላለችም። ከመቶ ዓመት በላይ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ዲሬክተሩ ከግብፅ አገር የመጡ ሰው ነበሩ። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፍቶ የመምህራን አሠልጣኞችንና ሱፐርቪዘሮችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት አመራር የሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ። እንግዲህ ትምህርቱ አለ። የቀረን ነገር ትምህርቱን ከትምህርት ቤቱ ጋር ማሰር ነው። ስለዚህ በበኩሌ አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ለዚህ ትምህርት የሚመረጠው ሰው በማስተማር ችሎታው በባልደረቦቹና በተማሪዎቹ የተመሰከረለት ይሁን። ዕድሉም ከከተማ ይልቅ አስቀድሞ ለሩቅ ወረዳዎች ይሰጥ። ሴቶች አስተማሪዎችም አይረሱ፤ እኔ እስከ ዛሬ ሴት ዲሬክተር አላየሁም።

ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ተማሪው ስለሚመራው ትምህርት ቤት ይሁን። ልጆች ለምን ያቋርጣሉ? ንባብ ለምን ይከብዳቸዋል? ይህን መርምሮ መፍትሔውን በተግባር ያሳይ። በሲንጋፖር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዲሬክተርነት የታጩ ሰዎች ለወራት ሲሠለጥኑ፣ ከመጽሐፉ ትምህርት ጋር በትምህርት ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ይሰጣቸዋል።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ የክልላችንን ኑሮ የሚያውቅ ይሁን። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ እንዲሁም ከሌላ አካባቢ የመጣው ወገን በአንድ ክፍል ይቀመጣል። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በካማሺና በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የተዘጋውን በር የሚከፍት ዲሬክተር ከበጀትና ከሪፖርት ሌላ የተጣሉትን ወላጆች ማስታረቅ፣ የፈራውን ልጅ ማረጋጋት፣ ልጁንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማናገር ሊያውቅ ይገባል።

አራተኛ፣ የተመረቀው ሰው በትምህርት ላይ የቆየበትን ያህል ዓመት በዚያው ትምህርት ቤት ያገልግል። ይህ ሰውን ማሰር ነው የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ በግዴታ ብቻ የተቀመጠ ሰው ልቡ ከመንገድ ላይ ነው። ስለሆነም መንግሥት ደህና መኖሪያ ቤትና የበረሃ አበል ይስጠው፤ እድገቱም ወንበሩን ሳይለቅ ያግኘው። የወረዳ ትምህርት ኃላፊነትም ለሚሾመው ሁሉ አይሁን፤ በዲሬክተርነቱ ፍሬ ላሳየ ሰው ይሰጥ። እንዲህ ከሆነ ሰውየው ለማደግ ሲል ከትምህርት ቤቱ አይሸሽም።

ወላጆች ሆይ፤ እናንተም የቤት ሥራ አለባችሁ። ዲሬክተር ሲሄድ ቡና አፍልቶ መሸኘት መልካም ነው፤ ነገር ግን ገና ሳለ ጣራውን ብትጠግኑለት ባልሄደም ነበር። አባቴ ይህን ሲያነብ እንደማይቆጣኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ፈተናዬን ካለፍሁ አስተማሪ ለመሆን ወስኛለሁ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሁለተኛውንም ዲግሪ እማራለሁ፤ ከዚያም ወደዚያ የገጠር ትምህርት ቤት ተመልሼ የቤተ መጻሕፍቱን በር እከፍታለሁ። ሳይማር ያስተማረኝ ወገን ልጆቹን የሚመራለት ሰው ይጠብቃል። ይህን ቃሌን ያነበባችሁ ሁሉ ምስክሮቼ ናችሁ፤ ምናልባት ነገ ከከተማ ቢሮ ቁጭ ብዬ ብታገኙኝ፣ ይህን መጽሔት ይዛችሁ መጥታችሁ ጠይቁኝ።