የመሣሪያ መግለጫ የማን ሥራ ነው?

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪልን «የ2007ን የክረምት ዝናብ ከቀደሙት ዓመታት ጋር አነጻጽርልኝ» ብሎ ቢያዝ ምን ይከተላል? ተማሪው የሚያስበው ኤልኒኞ ድርቅ ያስከተለበትን ዓመት ነው። ወኪሉ የዝናብ መረጃ የሚያመጣለትን መሣሪያ ይጠራል። የመሣሪያው መግለጫ «ዓመት፦ ባለአራት አኃዝ ቁጥር» ከማለት ያለፈ ነገር ካልያዘና መረጃው የተከማቸው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከሆነ፣ የሚመጣው ከድርቁ ስምንት ዓመት ቀድሞ የዘነበው ዝናብ ነው። ስሕተት መፈጠሩን የሚያመለክት አንዳችም ነገር አይታይም። ሠንጠረዡ ይሞላል፣ ግራፉ ይሳላል፣ ድምዳሜውም በተዋበ ቋንቋ ይጻፋል።

በእኔ እምነት እዚህ ላይ ቀዳሚው ተጠያቂ ሞዴሉ ሳይሆን መግለጫውን የጻፈው ሰው ነው። ወኪሉ እንደ ልማዱ የመሣሪያውን ኮድ አያይም፤ የሚቀርብለት ስሙ፣ ተግባሩን የሚገልጹ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችና የግቤቶቹ ዝርዝር ነው። አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» ሞዴሎችና መሣሪያዎች የሚገናኙበትን ሥርዓት ወጥ ለማድረግ የታለመ ነው። (በጎርጎርዮሳዊው ኖቬምበር 2024 መሆኑ ነው፤ ይህን ባልጨምር የምነቅፈውን ስሕተት ራሴ በሠራሁት ነበር።) የመግለጫው ይዘት ግን ዞሮ ዞሮ ለጸሐፊው የተተወ ነው።

ቢሾፍቱ ላይ ለሚሠራ ተመራማሪ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከተማዋ ራሷ ሁለት ስም አላት። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ለአሠርት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች የተመዘገቡት «ደብረ ዘይት» በሚለው ስም ነው፤ የቁንጮ ጤፍ መለያ የሆነው ዲዜድ-ሲአር-387 እንኳ የቀድሞውን ስም ምሕጻር በውስጡ ይዟል። «የቦታ ስም ያስገቡ» የሚል መግለጫ ብቻ የተሰጠው ወኪል «ቢሾፍቱ» ብሎ ፈልጎ ባዶ እጁን ሲመለስ፣ «በአካባቢው የተደረገ ጥናት የለም» ብሎ ለመደምደም ምን ያግደዋል?

ከዚህ የሚብሰው የመጠን ነገር ነው። እዚሁ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ያመርታል፤ አንድ ጠርሙስ ብዙ ዶዝ ሊይዝ ይችላል። የክትባት ጥያቄ የሚመዘግብ መሣሪያ «ብዛት» ብቻ ብሎ ቢተው፣ ጠርሙሱ 100 ዶዝ በሚይዝበት ጊዜ 20 ጠርሙስ የፈለገ ወረዳ ለ20 በግ የሚሆን ክትባት ብቻ እንደጠየቀ ሊቆጠር ነው። የቀሩት 1,980 በጎች ሳይከተቡ መቅረታቸው የሚታወቀው በሽታው ሲገባ ይሆናል። በዝናብ መዝገብም ያልተለካን ቀን በ-99.9 የመሙላት ልማድ አለ። ይህ ያልተነገረው ወኪል ቁጥሩን ከአማካዩ ጋር ቢደምረው አይፈረድበትም።

ሞዴሎች እየረቀቁ ሲሄዱ ይህ ሁሉ ይቃለላል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ከፊል እውነት አላቸው፤ የረቀቀ ሞዴል አሻሚውን ነገር አስተውሎ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን በዓምዱ ውስጥ ያለው ቁጥር ጠርሙስ ይሁን ዶዝ ከርቀቱ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም፤ መዝገቡን የሞላው ሰው የሚያውቀው ነው። መግለጫ ሲረዝም ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚያነበውን ቦታ ይሻማል የሚለው ስጋት ይበልጥ ይመዝናል። ሆኖም የሚያስፈልገው ርዝመት አይደለም። ለዝናቡ መሣሪያ ይህ በበቃ ነበር፦ «የአንድን ጣቢያ ወርኃዊ ዝናብ በሚሊሜትር ይመልሳል። ዓመቱ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው፤ ተጠቃሚው የትኛውን አቆጣጠር እንዳሰበ ካልታወቀ አስቀድመህ ጠይቅ። ቢሾፍቱ በመዝገቡ ደብረ ዘይት ተብላለች። -99.9 ያልተለካ ማለት እንጂ ዝናብ አልነበረም ማለት አይደለም።»

እነዚህን መስመሮች ፕሮግራመር ብቻውን ሊጽፋቸው አይችልም። ስለዚህ መግለጫው የመረጃው ባለሙያ ሥራ ሊሆን ይገባል፤ ወኪል የተጠቀመ የመመረቂያ ጽሑፍም የመሣሪያዎቹን መግለጫ ሳያሳጥር በአባሪነት ያቅርብ። መጠይቅን ከአባሪው አውጥተን ጥያቄ በጥያቄ የምንመረምር ፈታኞች፣ ይህንንም በዚያው ዓይን ለማንበብ አንድ ተጨማሪ ገጽ ብቻ ነው የሚጠብቀን።