የአጥቢያህን መዘምራን ስም ጥራልኝ

ውድ አንባቢ፣ ከመቀጠልህ በፊት አንድ ነገር ላስቸግርህ። ስልክህን አስቀምጥና የአጥቢያህን መዘምራን በስም ቁጠርልኝ። የመሪዋን ስም ሁሉም ያውቃል፤ እሷን ተዋት። ከኋላ ረድፍ ጥግ ላይ የሚቆመው ቴነር ማን ይባላል? ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ልጅስ? ባለፈው ወር የዘመሩትን አዲሱን መዝሙር የደረሰው ማን ነው? (እህቴ፣ በወንድ አንቀጽ የምጽፈው ለማሳጠር ብዬ ነው፤ ከወቀሳው ግን አታመልጪም።) አሁን ደግሞ የሂልሶንግን ዘማሪዎች ቁጠር። ከአዲስ አበባ በየኮንፈረንሱ የሚጋበዙትን፣ በዩቲዩብ የምትከታተላቸውን ጨምር። ለዚህኛው ጣቶችህ አልበቁህም። ለመጀመሪያው ግን ሦስት ላይ ስትደርስ ቆመሃል።

እኔም ቆሜ አውቃለሁ። ያቆመኝ ሰው ወንጌላዊ አይደለም፣ ዘማሪም አይደለም። የከተማውን የሮክ ባንዶች የሚወድ አንድ አሜሪካዊ ነው።

«ሮክ» የሚለውን ቃል በዚህ መጽሔት ላይ ሲያይ ገጹን አጥፎ ለሽማግሌዎች ሊያሳይ የተነሣ አንባቢ አይጠፋም። እባክህ ተቀመጥ። ዘፈን ስማ ልልህ አልመጣሁም። ጌታችን ራሱ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 አንድ አጭበርባሪ መጋቢን ምሳሌ አድርጎ ለደቀ መዛሙርቱ ትምህርት ሰጥቷል፤ ማጭበርበሩን ግን አልባረከለትም። እኔም የምሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ለትምህርት በዋሽንግተን ዲሲ በቆየሁበት ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ተዋወቅሁ። እኛ ያችን ከተማ የምናውቃት በዩ ጎዳናና በ9ኛው ጎዳና ባሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ነው፤ እሱ የሚያውቃት በባንዶቿ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ባድ ብሬይንስን ነበር። ጃዝ ሲጫወቱ ቆይተው ወደ ፓንክ የዞሩ የከተማዋ ጥቁር ልጆች ናቸው፤ በኋላ ራስታ ሆኑ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ስለ ጃንሆይ ጠየቀኝ። ጃንሆይ ሰው እንደነበሩና እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ገብተው ይሰግዱ እንደነበር ነገርኩት። ሳቀ። በዚያ ሳቅ በኩል ስለ ኢየሱስ ለመናገር በር ተከፈተልኝ፤ እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1980 በዚያች ከተማ ቲን አይድልስ የሚባል የልጆች ባንድ ነበር። ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ ቢሆን ነው፤ ፈረሰ። ልጆቹ ከዝግጅት ያገኙትን ጥቂት መቶ ዶላር ተከፋፍለው መብላት ሲችሉ፣ የባንዱን ስምንት ዘፈን በአንድ ሺህ ቅጂ አሳተሙበት። ሽፋኑን ራሳቸው በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ እየለጠፉ አዘጋጁ። ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የመሠረቱት ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ እንዲህ ተጀመረ። ሕጉ አንድ ነበር፦ የሌላ ከተማ ባንድ አናሳትምም፤ የምናሳትመው የዲሲን ልጆች ነው። ብዙ ገንዘብ የሚያመጣ የሌላ አገር ባንድ ሞልቶ ሳለ ማለት ነው።

ከእነዚህ ልጆች መካከል «አንጠጣም፣ አናጨስም» ያሉ ነበሩ። ለመጠጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ መሆኑን ለማሳየት እጃቸው ጀርባ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ይሳልባቸው ነበር፤ እነሱ ያንን ምልክት ማፈሪያ ሳይሆን መታወቂያ አደረጉት። አንተ በሠርግ ቤት «አልጠጣም» ለማለት ለስላሳህን በብርጭቆ ገልብጠህ የምትደብቀው ልጅ፣ ይህን ልብ በል። እነሱ መንፈስ ቅዱስን አላወቁም፤ ስለ ክርስቶስ ብለውም አላደረጉትም። ቢሆንም አላፈሩም።

ከዚያ ፉጋዚ መጣ። ማካይ ከሌሎች ሦስት ጋር የተጫወተበት ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1987 የመጀመሪያውን ዝግጅት ያቀረቡበት አዳራሽ ቀድሞ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር። በኋላም በ16ኛው ጎዳና ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ተጫውተዋል። ብዙውን ጊዜ መግቢያው አምስት ዶላር ነበር፤ ሕፃንም ሽማግሌም ይገባል። ቲሸርት አይሸጡም። ከሕዝቡ መካከል የሚራገጥና ሰው የሚጎዳ ሲገኝ ዘፈኑን አቁመው በስሙ ባያውቁትም በአካል ይጠሩታል፣ ይመክሩታል፤ እምቢ ካለ አምስት ዶላሩን በኤንቨሎፕ መልሰው ያስወጡታል። እስቲ ልጠይቅህ፤ በኮንፈረንሳችን መድረክ ፊት ተጋፍቶ እናቶችን የሚገፈትረውን ወጣት ማን አቁሞ መክሮት ያውቃል? ጭራሽ «መንፈሱ ነው» እንልለታለን።

ያ ሰው በአንድ የሐምሌ ማታ ወደ ፎርት ሪኖ ወሰደኝ። በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን ምሽግ የነበረ፣ የከተማዋ ከፍተኛ ቦታ ነው። በበጋ የከተማዋ ባንዶች በነፃ ይጫወቱበታል፤ አልኮል የለም፤ ሰዉ ሣር ላይ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል። መድረኩ ላይ የነበሩት አሥራ ዘጠኝ ሃያ ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ነበሩ። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ነበሩ። ጊታሩ አልተቃኘም፤ ከበሮ መቺው ይፈጥናል። ወዳጄ ግን ከፊት ቆሞ ቃላቸውን አብሮ ይል ነበር፤ ያ ሽበታም ሰው! ሲጨርሱ ከበሮ መቺውን በስሙ ጠርቶ እናቱ ከሆስፒታል ወጥታ እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና እንደ ዋዛ «በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ቤዝ የሚጫወተው ማን ነው?» አለኝ።

«አንድ ልጅ ነበር» አልሁት።

«የት ሄደ?»

የት እንደሄደ ልንገርህ፤ ለእሱ አልነገርኩትም። እኛ ነን ያስወጣነው። በሐዋሳ፣ በማላገለግልበት መስሎ እንዳይታይህ፣ በማገለግልበት አጥቢያ ነው። ልጁ የከተማውን ባንዶች ይወድ ነበር፤ በሐይቁ ዳር ሆቴሎች የሚጫወቱትን፣ በትምህርት ቤት ግቢ ተሰብስበው በተዋሱት ጊታር ሮክ የሚሞክሩትን። አንድ ደብተር ነበረው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ ሰጥቶ ማን ምን እንደሚጫወት፣ ማን ከማን እንደተማረ፣ የትኛው ጊታር ከየት እንደተገዛ ይጽፍበታል። አንድ ቀን ደብተሩ በሽማግሌ እጅ ገባ። ከሁሉ ያስቆጣን ገጽ የራሳችን መዘምራን ገጽ ነበር፤ ከሆቴል ባንዶች መሀል እኛንም ጽፎናል! «ቅዱሱን ከርኩሱ ቀላቀለ» ተባለ። ኮሚቴው ውስጥ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁ፤ አንድ ቃል ግን አልተናገርኩም። ልጁ ከመዘምራን ታገደ። ጥቂት ወር ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀረ።

በኋላ ያንን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። የእኛ አጥቢያ ስለ መዘምራኑ የተጻፈ ሌላ ነገር የለውም። የአሥራ ስምንት ሰዎች ስም ነበረበት፤ እኔ መምህራቸው ሆኜ አሥራ አንዱን ብቻ ነበር የማውቀው።

አሁን ወደ ክርክሩ። የመጀመሪያው መልስህ «ዘፋኝነት በገላትያ 5፥21 ከሥጋ ሥራ ተቆጥሯል» የሚል ነው። ተቆጥሯል። በቀድሞው ትርጉማችን «ዘፋኝነት» የተባለው የግሪክኛው ቃል ኮሞስ ነው፤ ሰክሮ በቡድን መፈንጠዝን፣ ልቅ ጭፈራን ያመለክታል። በዚያው ዝርዝር ከስካር ቀጥሎ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ በዚያ ቃል የምትከስስ ከሆነ ልጁን በምን ትከስሰዋለህ? ጊታር በመውደድ ነው ወይስ በመስከር? ያላደረገውን አድርጓል ማለት የሐሰት ምስክርነት ነው። የሆቴል ቤት ማታ ለወጣት ነፍስ አደገኛ መሆኑን አልክድም፤ እኔም ልጄን ወደዚያ አልልክም። ነገር ግን አደገኛ ወደሆነው ስፍራ ገፍቶ የላከው ማን ነው?

ሁለተኛው መልስህ የበለጠ ሐቀኛ ነው፦ «የእኛ መዘምራን ጥሩ አይደሉም።» ልክ ነህ፣ አይደሉም። ኪቦርዱ ከታች በኩል ሁለት ቁልፎቹ ድምፅ አይሰጡም። ሶፕራኖዎቹ ይጮኻሉ። ታዲያ ቲን አይድልስ ጥሩ ነበሩ? ተስፋዬ ጋቢሶ ሲዘምር መጀመሪያ የሰሙት ሰዎች የሚያውቁት ሰፈራቸው ውስጥ ያለ ወጣት ነበር። ሰባት ዓመት ስለ እምነቱ ሲታሰር መዝሙሩ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው፣ ከካሴቱ በፊት ልጄ፣ ወንድሜ የሚለው ሰው ስለነበረው ነው። የሙሉ ወንጌል መዘምራን በንጉሡ ዘመን በጊታር ሲዘምሩም «ይህ የመሸታ ቤት ዕቃ ነው» ያለ ሰው አልጠፋም። ዛሬ እነዚያን መዝሙሮች «የድሮ፣ የተቀቡ» እያልን እናለቅስባቸዋለን። ያኔ ግን አዲስ ነበሩ፤ ዘማሪዎቹም የአንድ ሰው ጎረቤት ነበሩ።

ሮክ ሲባል ጃኖ ባንድን የምትጠቅስልኝ ካለህ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኤርታሌ የተሰኘው አልበማቸው በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት የተሠራ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔ ነገር ግን ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው፤ ፕሮዲውሰርም ካሜራም ሳይመጣ፣ አርባ ሰው ብቻ በሚሰማበት ጊዜ ማን ቆሞ ሰማ ስለሚለው።

1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16ን ገልጠህ አንብብ። ሳኦል በገና የሚደረድር ሰው ሲፈልግ ዳዊትን ያስታወሰው ነቢይ አይደለም። ስሙ ያልተጻፈ አንድ አገልጋይ ነው። በቤተ ልሔም አንድ ልጅ በገና አሳምሮ እንደሚደረድር ያውቅ ነበር። እንዴት አወቀ? ዳዊት ገና በግ ጠባቂ ነው፤ የራሱ አባት እንኳ በዚያው ምዕራፍ ቀደም ብሎ ሊጠራው ረስቶታል። ያ አገልጋይ ግን አንድ ቀን ቆሞ ሰምቷል፤ የማን ልጅ መሆኑንም ጠይቋል። እኔ ስለ ዳዊት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ስለዚያ አገልጋይ አንድም አልሰማሁም።

ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ያየኸውን ወንድም ሳትወድ ያላየኸውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ ማለትን በምን ስም እንደጠራው ታውቃለህ። ለአውስትራሊያ ዘማሪ ያለህ ፍቅር ምን ያስከፍልሃል? ትንሽ ዳታ። እሷ አትታመምም፣ ትራንስፖርት አትለምንህም፣ ልምምድ ላይ አርፍዳ አታናድድህም። የአጥቢያህ ቴነር ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል።

የእኛን የኮንፈረንስ ነገርማ ተወው። ለአንድ ማታ እንግዳ ዘማሪ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ «የፍቅር ስጦታ» ይወጣል። የራሳችን መዘምራን ሲነሡ ወጣቱ ውኃ ሊጠጣ ይወጣል፤ እንግዳው ሲነሣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይመለሳል። እንግዳው ሰኞ ጧት ይሄዳል። ማክሰኞ የሞተ ሰው ቢኖር ለቀብር የሚዘምሩት እነዚያ ውኃ የተጠጣባቸው ናቸው። አባትህ ያረፈ ዕለት ማን እንደዘመረ አስታውስ። ለእንግዳው ወጪ ድምፅ የሰጡ ሽማግሌዎች ይህን ካነበቡ ይቆጡኝ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

ከትምህርት ከተመለስኩ በኋላ ደብተሩን ይዤ ልጁ ወደሚጫወትበት ሆቴል ሄድኩ። አልገባሁም፤ ሥራ እስኪጨርስ በር ላይ ጠበቅሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ምንም አላለም፤ ደብተሩን ተቀብሎ በበሩ መብራት ሥር የእኛን ገጽ ገለጠ።

«አሁን ቤዝ ማን ይጫወታል?» አለኝ።

«ማንም። ኪቦርዱ በግራ እጁ ይሸፍናል።»

«በእነዚያ ሁለት ቁልፎች?»

«አልተሠሩም።»

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ጣቱን በገጹ ላይ እያወረደ አሥራ ስምንቱንም አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ማን አገባች፣ ማን አዲስ አበባ ሄደ፣ ያ ቴነር ጉሮሮው ተሻለው ወይ። ዐሥራ አራቱን መለስኩለት። ልምምድ አሁንም ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ፣ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ባጃጁ እየሄደ።