ኢዮብ ስለምን ተመሰገነ? ወዳጆቹስ ስለምን ተኰነኑ?

በመጽሐፈ ኢዮብ በ42ኛው ምዕራፍ፣ ረጅሙ ክርክር ካለቀና ኢዮብ በአፈርና በአመድ ላይ ሆኖ ከተጸጸተ በኋላ፣ አስተዋይ አንባቢን ሁሉ የሚያስቸግር ፍርድ ይሰማል፤ እግዚአብሔር ቴማናዊውን ኤልፋዝን ጠርቶ በእርሱና በሁለቱ ባልንጀሮቹ እንደ ተቈጣ፣ ባሪያው ኢዮብ ስለ እርሱ ቅን ነገር ሲናገር እነርሱ ግን እንዳልተናገሩ ያስታውቀዋል። ለእግዚአብሔር ፍትሕ ጥብቅና የቆሙት፣ ኀያልነቱንና ጥበቡን ሲያወድሱ የሰነበቱት ግን ወዳጆቹ ነበሩ፤ የተወለደባትን ቀን የረገመው፣ ንጹሑም ኃጥኡም በአንድነት ይጠፋሉ ብሎ ያማረረው፣ ፈጣሪውንም ለሙግት የጠራው ኢዮብ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ በተሰማው ቃል፣ ያለ ዕውቀት ተናገርህ ተብሎ የተገሠጸው ያው ኢዮብ ነው። እንግዲህ የተገሠጸው እንዴት ተመሰገነ?

አንዳንድ መተርጉማን ምስጋናው የሚመለከተው ኢዮብ በፍጻሜው የተናገረውን የንስሓ ቃል ብቻ ነው ይላሉ። ይህ ሐሳብ ችግሩን ያቀለዋል እንጂ አይፈታውም፤ ፍርዱ የኢዮብን ንግግር ከወዳጆቹ ንግግር ጋር የሚያመዛዝን ሲሆን፣ ወዳጆቹ በፍጻሜው አንዳች ቃል አልተናገሩምና። ከዚህም በላይ ኢዮብ ገና በ13ኛው ምዕራፍ፣ ለእግዚአብሔር የቆሙ መስለው ሐሰት ቢናገሩና ቢያደሉለት እርሱ ራሱ እንደሚዘልፋቸው አስጠንቅቋቸው ነበር፤ በ42ኛው ምዕራፍ የተፈጸመውም ይኸው ነው።

የሐሰታቸው ጥልቀት በኤልፋዝ ላይ በግልጽ ይታያል። ይህ ሰው መጀመሪያ ሲናገር ትሑት ነበር፤ ኢዮብ ቀድሞ የደከሙትን ያጸና እንደ ነበር አስታውሶ፣ በለዘበ ቃል ጀመረ። ነገር ግን መከራ የሚመጣው ከኃጢአት ብቻ ነው የሚለው ትምህርቱ ኃጢአት ስለሚፈልግ፣ ኃጢአቱም ስላልተገኘ፣ በ22ኛው ምዕራፍ ፈጥሮ ያቀርበው ጀመር፤ የወንድሞችህን መያዣ በከንቱ ወስደሃል፣ የታረዙትን ልብሳቸውን ገፈሃል፣ ለተጠማ ውኃ ነፍገሃል፣ መበለቲቱን ባዶዋን ሰድደሃል ብሎ ከሰሰው። ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ በዓይኑ አላየም፤ የገዛ ትምህርቱን ከሚያርም ይልቅ የወዳጁን ስም ማጥፋት ቀለለው። ከሦስቱ ወዳጆች ሌላው፣ በልዳዶስም፣ ዐሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ለቀበረ አባት፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል በበደላቸውም ተወስደዋል ለማለት አላፈረም።

ከዚህም የሚበልጥ ምሥጢር አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሰይጣን ክስ፣ ኢዮብ እግዚአብሔርን የሚፈራው ዋጋ ስለሚያገኝበት ነው፣ ሀብቱ ቢነካበት ይክዳል የሚል ነበር። የሦስቱም ወዳጆች ምክር ሲጨመቅ፣ ተመለስ፣ ተናዘዝ፣ የቀድሞው ክብርህም ይመለስልሃል የሚል ነው። ኢዮብ ይህን ምክር ተቀብሎ፣ በጎቹንና ግመሎቹን ለማስመለስ ሲል ያልሠራውን በደል ሠርቻለሁ ቢል ኖሮ፣ የሰይጣን ክስ በዚያች ሰዓት እውነት ሆኖ በተገኘ ነበር። ስለዚህ ወዳጆቹ እንደ ዐመፅ የቈጠሩት እንቢታው፣ ፈተናውን ያለፈበት እምነቱ ነው፤ እነርሱም እግዚአብሔርን የሚያስከብሩ መስሏቸው የከሳሹን ሐሳብ በመንፈሳዊ ቃል አልብሰው አቀረቡ።

ኢዮብ አልተሳሳተም ማለት ግን አይደለም። የዓለምን አገዛዝ በራሱ መከራ መጠን መዝኖ ስለ ፈረደ፣ ምድር ስትመሠረት የት ነበርህ ተብሎ ተጠይቋል። ይህ ተግሣጽ ስለ ዕውቀቱ ማነስ የተሰጠ እንጂ በሐሰት የተከሰሰበት አይደለም፤ በደል ሠርተህ ነው የሚል አንዲት ቃል በውስጡ አይገኝም። ወዳጆቹ ስለ እግዚአብሔር ብዙ ሲናገሩ አንድ ጊዜ ስንኳ ወደ እርሱ ሲጸልዩ አልተሰሙም፤ ኢዮብ ግን በምሬቱ መካከል ፊቱን ወደ ፈጣሪው እየመለሰ በቀጥታ ተናገረው። የቅሬታው መራራነት ከጸሎት አላወጣውም።

በፍጻሜው የኢዮብ ሀብት እጥፍ ሆኖ መመለሱ ወዳጆቹን ትክክለኛ ያደርጋቸዋል የሚል ቢኖር፣ የነገሩን ቅደም ተከተል ይመልከት። ኢዮብ የተጸጸተው ምንም ተስፋ ሳይሰጠው ነው። በጎቹ ከ7,000 ወደ 14,000፣ ግመሎቹ ከ3,000 ወደ 6,000 ሲበዙ፣ የተሰጡት ልጆች ግን እንደ ቀድሞው ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። የሞቱት በሌላ አልተተኩምና፣ ሐዘኑን እንደ ተከፈለ ዕዳ የሚቈጥር ሰው መጽሐፉን አላነበበውም።

በእኛ ዘንድ ለሐዘንተኛ እግዚአብሔር ያጥናህ፣ የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ ማለት የቆየና መልካም ልማድ ነው፤ ከዚያ አልፎ የሕመሙን ወይም የሞቱን ምክንያት ከሰውየው ኑሮ ውስጥ መፈለግ ግን የኤልፋዝን ወንበር መውረስ ነው። ሦስቱ ወዳጆች ከኢዮብ ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ወዳጅነታቸው ሙሉ ነበር፤ የጐደለው አፋቸውን ለመፍረድ በከፈቱ ጊዜ ነው። እግዚአብሔርም ሥርየታቸውን ያገኙ ዘንድ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እርሱም እንዲጸልይላቸው አዘዘ። ኃጢአተኛ ነህ ያሉት ሰው፣ ገና ካጣው ሀብት አንዳች ሳይመለስለት፣ አማላጃቸው ሆነ። የፍርዱም ትምህርት ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ስለ ክብሩ ብሎ በተጨነቀ ሰው ላይ የሚነገርን ሐሰት አይቀበልም፤ እንዲህ ያለውንም ሐሰት የተናገረ ሰው፣ የከሰሰው ችግረኛ ካልጸለየለት በቀር ነጻ አይወጣም።