የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የሰው ሳሎንስ?

የዛሬው ወጋችን ስለ ቅናት ነው። ቅናቱ ግን ባል ወይም ሚስት ቀማኝ የሚባለው ዓይነት አይደለም። በሰው ቤት መቅናት ነው! ያውም ደጁን ረግጠን በማናውቀው ሰው ቤት።

መቼም እነዚያን ወፋፍራም የፎቶ መጻሕፍት ሳታዩ አትቀሩም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዟቸው ይመጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጽሑፋቸውን የሚያነብ እምብዛም ነው። ፎቶው ግን... ወይ ፎቶ! ሱዛን ስሌሲንና ስታፎርድ ክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1982 «ፍሬንች ስታይል» የተባለውን መጽሐፍ ካወጡ በኋላ የእንግሊዙ፣ የካሪቢያኑና የጃፓኑ ተከታትለው መጡ። ታሽን የተባለው የጀርመን አሳታሚም እ.ኤ.አ. በ1995 የሞሮኮ ቤቶችን ያሳየን በሊሳ ሎቫት-ስሚዝ አዘጋጅነት ነው። አገር ላገር መዞር ለማይችል ሰው ትልቅ ደስታ ናቸው። ትዳር ሲያናጉስ?

ደብዳቤ የጻፈችልኝ እህታችን እንዲህ ትላለች፦

«ዕድሜዬ 31 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እህቴ ከፓሪስ ስትመጣ የሞሮኮ ቤቶችን የሚያሳይ መጽሐፍ ሰጠችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ አስጠላኝ። እቁብ ሲደርሰን ሳሎኑን እንደ መጽሐፉ ላሠራው ብል ባለቤቴ 'የልጆቹ ትምህርት ቤትስ?' ብሎ ጮኸብኝ፤ መጽሐፉንም ሻንጣ ውስጥ ቆለፈው። ይባስ ብሎ እናቴ ከወሎ በእጇ የሰፋችውን መሶብ ይዛልኝ መጣች። ከሳሎኑ ጋር አይሄድም ብዬ አልጋ ስር ከተትኩት። ትንሹ ልጄ ኳሱን ሲፈልግ ጎትቶ አወጣው። እናቴ አየች፤ ምንም አላለችም። ሁለት ሳምንት ልትቆይ መጥታ በአራተኛው ቀን 'ከብቶቹን ማን ያይልኛል' ብላ ሄደች። አሁን ስደውል ድምፅዋ ሌላ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ፎቶው ልንገርሽ። ፎቶ አንሺው ጠባቡን ክፍል በዋይድ አንግል ሌንስ ያሰፋዋል። ብርሃኑ የሚያምርበትን ሰዓት ይጠብቃል። ዕቃ የሚያስተካክል ባለሙያ አብሮት አለ፤ የማያምረውን ያስወጣል፣ አበባና ትራስ ይጨምራል። በየገጹ ፈልጊ፦ የተጣለ የልጅ ጫማ አለ? ጄሪካን አለ? የተሰጣ ልብስ አለ? የለም! አንቺ የቀናሽው ሰው በሚኖርበት ቤት ሳይሆን ለአንድ ቀን በተዘጋጀ ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ የሞሮኮ ቤት እንዲያ የሆነው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሪያድ የሚባለው ቤት ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ውስጥ፣ ሰማይ ወደሚታይበት ግቢ ይከፈታል። ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀት ይከላከላል። ዘሊጅ የተባለው በእጅ የተጠረበ ሸክላ እግር ያቀዘቅዛል። ታደላክት የተባለው የኖራ ልስን በድንጋይ እየታሸ፣ በሳሙና እየተወለወለ ውኃ እንዳያስገባ ይደረጋል። ሁሉም ለዚያ አገር ፀሐይ የተበጀ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሐምሌ ብርድ እግርሽን የሚያቀዘቅዝ ወለል ምን ያደርግልሻል? የሚያሞቅ ነው እንጂ የሚያስፈልግሽ!

ሦስተኛ፣ እስቲ ሐረርን አስቢ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ጌይ ጋር በሚባለው የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የተባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ሰው እንደ ክብሩና እንደ ዕድሜው ቦታ ቦታውን ይይዛል። ቀይ የሚቀባው በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳውን የሚያስጌጠውስ? ሴቶች የሰፉት ስፌት! አየሽ፣ ሰው ባሕር ተሻግሮ ካሜራ ይዞ የሚመጣበትን ነገር አንቺ አልጋ ስር ደበቅሽው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የእቁቡ ብር ለልጆቹ ትምህርት ቤት ይግባ፤ በዚህ ባለቤትሽ ልክ ነው። መጽሐፉን መቆለፉ ግን ልክ አይደለም። አዋቂ ሚስት እንደ ሕፃን መጫወቻ አይነጠቅባትም። አውጥቶ ይመልስልሽና ሁለታችሁ አብራችሁ እዩት፤ ከመጽሐፉ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ የግድግዳ ቀለም ወይም የትራስ ልብስ። ከዚያ በስልክሽ ከበሩ ቆመሽ ሳሎንሽን ፎቶ አንሺው። ዓይንሽ የለመደው ግርግር በፎቶው ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታይሻል። ያንን ማስወጣት ደግሞ ሳንቲም አይጠይቅም።

የእናትሽ ነገር ግን በስልክ የሚያልቅ አይደለም። እናትሽን ያስከፋት መሶቡ አልጋ ስር መግባቱ ብቻ አይመስለኝም፤ «እኔም ከዚህ ሳሎን ጋር አልሄድም» ብላ አስባ ይሆናል። ያን ሁሉ ስንደዶና አክርማ ስትሰፋ ያመሸችው አንቺን እያሰበች ነው። መሶቡን አውጪና እራት ብሉበት። በዓል ሲደርስ ልጆቹን ይዘሽ ወሎ ውረጂ፤ ጉልበቷን ስመሽ «አጥፍቻለሁ» በያት። ስትመለሺም «እማዬ፣ ለግድግዳዬ ሁለት ሰፌድ ስፊልኝ» ብለሽ የማቅለሚያውን ሰጥተሻት ነይ። እናት ይቅርታ ከሚሏት ይልቅ ሥራዋን ሲፈልጉላት ቶሎ ትታረቃለች።