የመንዝ ባናና የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች

የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጕር ባናና በርኖስ እየሠራ የደጋውን ብርድ ሲመክት መኖሩ የታወቀ ነው። በአሁኑ ዘመን ደግሞ የአገር ልብስ ንድፍ የሚያሳዩ ወጣቶች በፌስቡክ፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ ገጽ ከፍተው ተከታይ ለማብዛት ይደክማሉ። ድካማቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ያለቀለትን ልብስ ብቻ አንሥተው ዋጋ ይጽፉበታል። ተመልካችን የሚያቆየው ግን ጠጕሩ ሲሸለት፤ ሴቶች ሲፈትሉት፤ ሸማኔው ሲሠራው ማየት ነው። ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋሙት «ለምለም» የተባለው ድርጅትም ልብሱን ለውጭ ገበያ ሲያቀርብ የሸማኔዎቹን ነገር አብሮ ይናገራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የስም ነገር ነው። ፎቶግራፉ ከገጽ ወደ ገጽ ሲተላለፍ «የኢትዮጵያ ልብስ» ተብሎ ይቀራል፤ መንዝም ሸማኔውም ይረሳሉ። ስለዚህ የወረዳውና፤ ፈቃዱ ከሆነ፤ የሠሪው ስም በፎቶግራፉ ላይ እንዲጻፍ የባህል ሹማምንት ሊያስተምሩ ይገባል። ካህናትም የብራና መጻሕፍትን ሐረግ ለንድፍ ማንሣት ለሚለምን ሰው ቢፈቅዱ፤ የደብሩ ስም አብሮ እንዲወጣ ቢያዝዙ መልካም ነው።

ገጹ ግን ብቻውን አያስተማምንም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ገጽ ያለውም የሌለውም እኩል ሆኖ ነበርና፤ የደንበኞችን ስልክ ቍጥር በመዝገብ ጽፎ መያዝ ያሻል።